ከታይዋን ነው ያልኩት እንጨት

አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጥርሱን በኒም እንጨት ሲፍቅ የኖረ ሰው ኒም መራራ መሆኑን ይረሳል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እመኑ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ሐኪም የከለከለኝን መሰላል ግቢዬ ውስጥ ካለው ኒም ላይ አስደግፌ ወጣሁና አሥራ ሁለት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ቆርጬ ወረድኩ። በሰላም መውረዴን እንደ ድል ቆጠርኩት። እግሬ አልተሰበረም፤ ወገቤም ከወትሮው በላይ አልጮኸም። ሞኝነት እንዲህ ነው፤ አጥንት ካልሰበረ ብልሃት መስሎህ ቤት ይዘኸው ትገባለህ።

እንጨቱን የፈለግኩት ለጀላቲ ነው። አዎ፣ ለጀላቲ። ጁስ በእንጨት ላይ ረግቶ የሚላሰውን ማለቴ ነው። ሳቁ ግዴለም፤ እኔም የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ልጄ ሰናይት አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ናኒ የምንላት የስምንት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ለእኔ አንድ ለእናቱ የሆነች የልጅ ልጅ ናት። ትምህርት ሲዘጋ ናኒ ነሐሴን እኔ ዘንድ ታሳልፋለች። አዲስ አበባ ሰው ጃኬት በጃኬት ላይ ደርቦ ጭቃ በሚያቦካበት ወር እኛ ድሬዎች የቤታችን ቆርቆሮ ላይ እንቁላል ብንሰብር ይጠበስልናል። ቢሆንም ልጅቷ ትወደዋለች። እኔማ አልጠየቅም። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ዓመት ማለት ለእኔ ነሐሴ ነው፤ የቀረው ወር ሁሉ ነሐሴን ለመጠበቅ የምቆመው ወረፋ ነው።

አምና ግን አንድ ጥፋት አጠፋሁ። መጋላ ገበያ ይዣት ሄድኩና ከአንድ ጋሪ ላይ በፌስታል የታሰረ ቀይ በረዶ ገዛሁላት። በረዶው ከምን እንደተሠራ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የናኒ ምላስ ሦስት ቀን ቀልቶ ሰነበተ፤ አራት ቀን አስቀመጣት፤ የእናቷ ቁጣ ግን ዓመት ሙሉ አልበረደም። በየበዓሉ ስትደውል መጀመሪያ እንኳን አደረሰህ ትለኛለች፤ ቀጥላ ስለ በረዶው ታነሳለች።

ዘንድሮ ቅዳሜ ዕለት ናኒን ይዛ መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፍርዱን አነበበችልኝ።

“አባባ፣ እስከ ሐሙስ አብሬያችሁ ነኝ። ቁጭ ብዬ አያለሁ። ልጄን እንደ ሰው የምትይዛት ከሆነ ነሐሴን ትቀመጣለች። የአምናውን ዓይነት ነገር ካየሁ ግን ሐሙስ ይዣት እመለሳለሁ።”

“አምናስ እንደ ሰው አይደል የያዝኳት? ሰው በረዶ ይበላል።”

“አባባ!”

“እሺ።”

አባቷን አንተ ማለቷ የገረማችሁ ካላችሁ የከተማችንን ጠባይ አታውቁም ማለት ነው። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ አይበረክትም፤ ሙቀቱ ያቀልጠዋል።

“ሙቀቱ ካስቸገራት ደግሞ” አለች ሰናይት ስልኳን እያወጣች፣ “መንገድ ላይ ከመግዛት ቤት ውስጥ ጀላቲ ሥራላት። ይኸው እየው። እውነተኛ ፍራፍሬ ነው፤ ስኳር የለው፣ ቀለም የለው፣ ፕላስቲክ የለው። ጤናማ ነው።”

አየሁት። አንዲት ሴት ነጭ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ፍራፍሬ ትከትፋለች፣ ትፈጫለች፣ ትቀዳለች፣ ትስቃለች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ግንባሯ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ የለም። ይህች ሴት ድሬዳዋን ረግጣ እንደማታውቅ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

“ይሄ ነው እንዴ?” አልኩ ደረቴን ነፍቼ። “ዕድሜ ልኬን ባቡር ስጠግን የኖርኩ ሰውዬ ጁስ ማርጋት ሊያቅተኝ ነው?”

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። ባቡር የተከበረ ፍጡር ነው። ሲታመም ይጮኻል፣ ይጨሳል፣ ዘይት ያለቅሳል። የቱ ጋ እንደታመመ ጆሮህን ለጥፈህ ታገኘዋለህ። ማንጎ ግን ዝም ብሎ ነው የሚያዋርድህ።

ሰኞ ዕለት ለጀላቲ ቅርፅ ማውጫና ለእንጨት ታይዋን ወደምንለው የከተማችን ገበያ ወጣሁ። ታይዋን የማይገኝ ነገር የለም ይባላል፤ እኔ የሄድኩ ዕለት ግን ሁሉም ነገር ነበረ፣ ከምፈልገው በቀር።

“ወላሂ አባ፣ ጀላቲ ማውጫ አልቋል” አለኝ አንዱ ነጋዴ። “የስልክ ማቀዝቀዣ ግን አለ። አሪፍ ነው፣ ውሰድ።”

“ስልኬን አልበላውም።”

“አቦ እንደ አባቴ አይቼ መከርኩህ እንጂ! አሁን ሁሉ ሰው ስልኩን ነው የሚያቀዘቅዘው።”

ሌላው ከጓዳ ፈልፍሎ ከነመያዣው ከፕላስቲክ የተሠራ አንድ ማውጫ አመጣልኝ። አሸተትኩት፤ ልክ እንደ አዲስ ነጠላ ጫማ ይሸታል። ፕላስቲክ የለው የሚለው የሰናይት አዋጅ ትዝ አለኝና መለስኩለት። ማውጫውስ ግድ የለም፣ በሻይ ብርጭቆ ይወጣል፤ እንጨቱ ነው ጭንቁ። ያኔ ሐኪም ምላስ ተጭኖ ጉሮሮ የሚያይበት ጠፍጣፋ እንጨት ትዝ አለኝና ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ።

“ጉሮሮህን አሞህ ነው?” አለችኝ ልጅቷ።

“አላመመኝም። ጀላቲ ልሰካበት ነው።”

አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ከደጅ ያለውን ፀሐይ አየች። “እስቲ ወንበሩ ላይ አረፍ በል” አለችኝ በለሆሳስ፤ ክንዴን ጠቅልላ ደም ግፊቴን ለካችኝ። ከፍ ብሏል። ጨው ቀንስ፣ ጥላ ለጥላ ሂድ፣ ውሃ ጠጣ ብላ ሸኘችኝ። እንጨት ፍለጋ ሄጄ ምክር ተሸክሜ ተመለስኩ።

ማታውን ግቢዬ ውስጥ ከኒሙ ሥር ተቀምጬ ሳስብ፣ አንዲት ቅጠል ጭንቅላቴ ላይ ወደቀች። ቀና አልኩ። እንዴት ሳላስበው! የእንጨት ደን ተሸክሞልኝ ቆሟል እኮ! ደግሞም ኒም ማለት ተራ እንጨት አይደለም፤ መድኃኒት ነው። በእኛ ሰፈር ኒም የማያድነው በሽታ የለም፤ ለወባ ይባላል፣ ለስኳር ይባላል፣ ለቆዳ ይባላል፣ ለትል ይባላል። የሰፈራችንን ሰዎች ብትሰሟቸው የሞተ ሁሉ የሞተው ኒም መጠጣት ረስቶ ነው። ሰናይት ጤናማ ነው ያለችው? እኔ ከነእንጨቱ ጤናማ አደርግላታለሁ አልኩ።

እንግዲህ ማክሰኞ ደረሰ። ሰናይት የአብሮ አደጓ አባት አርፈው ኖሮ ለቅሶ ልትደርስ በጠዋት ወጣች። እኔ መሰላሉ ላይ ነኝ፤ ናኒ ከታች መሰላሉን ይዛለች።

“አባባ፣ ይሄ የምን ዛፍ ነው?”

“የመድኃኒት ዛፍ ነው።”

“ታዲያ ጀላቲው መድኃኒት ሊሆን ነው?”

“ከመድኃኒትም ይበልጣል።”

“እኔ መድኃኒት አልወድም” አለች።

በዚያች ቅጽበት እዚያው ዛፍ ላይ ሆኜ ጥቂት ባስብ ኖሮ ይህን ወግ ባልጻፍኩት ነበር። እኔ ግን ቅርንጫፍ እየመረጥኩ ነበር። ወርጄ ቅርፊቱን በሰንጢ ፋቅሁት፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ውብ እንጨት ወጣው። አንዱን ላስኩት። ምንም አላለኝም። አርባ ዓመት አብሮኝ ያደረ ምን ሊለኝ ይችላል?

ቀጥሎ ማንጎው። መፍጫ ማሽን የለኝም፤ ስለዚህ የሚስቴን ሙቀጫ አወጣሁ። ማንጎውን ልጬ፣ ጨምሬ፣ በዘነዘና አድቅቄ፣ በማንኪያ ቀመስኩ። እናንተዬ! ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ። ለካ ሙቀጫው ሃያ ዓመት ሙሉ ሚጥሚጣ የተወቀጠበት ነው። ስድስት ማንጎ ደፋሁ። ናኒ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔ ግን፣ ታምኑኛላችሁ፣ በውስጤ ኮራሁ። ምላሴ ገና ይሠራል! ጥፋት ሲገባ ደውል የሚደውል ዘበኛ አለኝ! አልኩ። ዘበኛው አንዱን በር ብቻ እንደሚጠብቅ፣ በሌላው በር በኩል ግን ከሌባው ጋር ተለማምዶ እንቅልፉን እንደሚለጥጥ ማን ነግሮኝ?

ሁለተኛውን ዙር በሹካ ደፍጥጬ በሻይ ማጥለያ አጠለልኩት። አንድ ፓፓያ ጨመርኩ፤ ሎሚ ጨመቅሁ። እጄ እስከ ክርኔ ማንጎ ሆነ። የሰፈሩ ዝንብ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ መጣ። አሥራ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ሞላሁና እንጨቱን ብሰካው ሁሉም እንደ ሰካራም ተጋደመ። በስልኩ ላይ ያለችው ሴትዮ ይሄን አላሳየችም። በመጨረሻ የብርጭቆዎቹን አፍ በፎይል ሸፍኜ፣ መካከሉን በስቼ፣ እንጨቱን በቀዳዳው አቆምኩት። አሁን የሚታየው የእንጨቶቹ ጫፍ ብቻ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

የእኔ ፍሪጅ ከእኔ ጋር ጡረታ ወጥቷል። ማቀዝቀዝ ካቆመ ስለቆየ የላይኛው ክፍሉ ውስጥ የቤቱን ካርታ፣ የሚስቴን ፎቶና የግፊት ክኒኔን ነው የማስቀምጥበት። አይጥ አይገባበትም። ስለዚህ ትሪውን ይዤ በግድግዳ ወደምንዋሰናት ወደ አዴ ዘይነባ ሄድኩ።

አዴ ዘይነባ በረዶ ሻጭ ናት። በሯ ሥር ሰው የሚያስተኛ ረጅም ፍሪዘር አላት፤ ውሃ በፌስታል እያረጋች ለሻይ ቤቱ፣ ለጁስ ቤቱ፣ ለጫት ቃሚው ትሸጣለች። በልጅነቷ ከዋሂል ገጠር ነው የመጣችው። ስትናደድ ኦሮምኛ፣ ስትነግድ ሶማልኛ፣ እኔን ስትሰድብ አማርኛ ትናገራለች። ሠላሳ ዓመት ተጎራብተናልና አማርኛዋን ያጠራችው በእኔ ላይ ነው።

“አንተ ባቡር! ይሄ ሁሉ ምንድነው?” አለችኝ። ስሜን ታውቀዋለች፤ አትጠራውም እንጂ።

“ጀላቲ ነው። ጤናማ ጀላቲ።”

“ጤናማ? እኛ የምንሸጠው ታዲያ በሽተኛ ነው?”

“የሰናይት ትእዛዝ ነው። እስከ ነገ አስቀምጪልኝ። ይሄ ካልተሳካ ናኒን ይዛት ትሄዳለች።”

ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ናኒ ስትመጣ ከእኔ ቤት ይልቅ የምትውለው እሷ ግቢ ነው። የፍሪዘሩን ክዳን አነሳች፤ አፉ ድረስ ሙሉ ነው። የራሷን በረዶ እየጎተተች ገንዳ ውስጥ መጣል ጀመረች፤ ሃያ ፌስታል ያህል አወጣች።

“ለናኒ ነው ወላሂ። ላንተ ቢሆን አንድ ፌስታል አላነሳም ነበር።”

ብርጭቆዎቹን ስትደረድር ጣቷ የአንዱን እንጨት ጫፍ ነካ። ጎንበስ አለች።

“ይሄ መፋቂያ አይመስልም?”

እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? “አንተ ቆጥቋጣ፣ ለልጅ ልጅህ እንጨት መግዛት አቅቶህ ዛፍ ላይ ወጣህ!” ትለኝ ነበር፤ እስከ ዓመት ድረስ ለደንበኞቿ ሁሉ ከበረዶው ጋር እያሰረች ትሸጠኝ ነበር። ስለዚህ ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

“ምን መፋቂያ! ከታይዋን ነው የገዛሁት።”

“ታይዋን እንጨት መሸጥ ጀመሩ?”

“ምን የማይሸጡት አለ?”

“ኸይር፣ ይሁን” አለች፤ ክዳኑን ዘጋች።

ከቀትር በኋላ መብራት ሄደ። ሙቀቱ እንደዚያን ቀን ሆኖ አያውቅም፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ሮጬ ስሄድ አዴ ዘይነባ ፍሪዘሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በላዩ እርጥብ ጆንያ ጥላ፣ ደገፍ ብላው ተቀምጣለች። ማንም እንዳይከፍተው ትጠብቃለች። ገንዳው ውስጥ ያለው የራሷ በረዶ ውሃ ሆኗል።

“በረዶሽ ቀለጠ እኮ” አልኳት።

“ውሃ ነው፤ ውሃ ተመልሶ ይረጋል። የልጅቷ ማንጎ ከተበላሸ ግን ምን ይመልሰዋል? ሂድ አቦ፣ ጥላዬን አትዝጋብኝ።”

መብራቱ የመጣው አመሻሹ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ጁሱ ሳይረጋ፣ ለብ እንዳለ፣ በጭለማው ውስጥ ከኒሙ ጋር ሲጨዋወት ዋለ። ምን እንዳወሩ በማግስቱ ሰማን።

ረቡዕ ምሳ ላይ አዴ ዘይነባ ራሷ ትሪውን ይዛ መጣች። ሰናይት በረንዳው ላይ ናት። ብርጭቆውን ውሃ ውስጥ ነከርኩና ሳብ አደረግኩት፤ ሾልኮ ወጣ። እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! የወርቅ ጉልላት! ናኒ ተቀብላ ላሰችው።

“እምምም! አባባ!”

ሰናይት ፈገግ አለች። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችልኝ። “አባባ፣ እንዲህ ትችላለህ እንዴ?”

“ስኳር የለው” አልኩ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ “ቀለም የለው፣ ፕላስቲክ የለው። ድሮ እኛ ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ነገር ከመሥራታችን በፊት…” ብዬ ንግግር ጀመርኩ። ወጉን እዚህ ላይ ብቆርጠው ደስ ባለኝ። ግን ጀላቲው እንደ አንዳንድ ትዳር ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ማር ነው፣ ውስጡን የገባበት ያውቀዋል። ናኒ እየላሰች፣ እየገመጠች፣ ወደ እንጨቱ ትጠጋለች።

በድንገት ቆመች። ፊቷ ተጨማደደ፤ ልክ የእኔን መሰለ። ጮኸች፣ ተፋች፣ ወደ ቧንቧው ሮጠች፤ እዚያ ስትደርስ ቁርሷም ተከተላት። ሰናይት ከወንበሯ ዘልላ ከናኒ እጅ የቀረውን ቀማቻትና ከእንጨቱ ሥር ነክሳ ቀመሰች።

“መርዝ ነው! አባባ አትንካው! መርዝ ገብቶበታል!”

“ምን መርዝ?” ብዬ ከትሪው አንዱን አንስቼ ገመጥኩ። ማንጎ ነው። ትንሽ ፓፓያ፣ ትንሽ ሎሚ። “ኧረ ምንም አይልም!” ሁለተኛውን ገመጥኩ። “ምንም!” ሦስተኛውን ያዝኩ። እኔ እበላለሁ፤ ሰናይት በእኔ ላይ ትጮኻለች፤ ናኒ ታስመልሳለች።

ከዚያ ሰናይት ቀስ ብላ ዞረች። የአዲስ አበባ ሰው ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ልጄም ይህን ተምራለች።

“አዴ ዘይነባ፣ እዚያ ፍሪዘር ውስጥ ምን ነበር ያስቀመጥሽው?”

“በረዶ።”

“በረዶ ብቻ? መድኃኒት ነገር? የበረሮ ምናምን ረጭተሽ ይሆን?”

“ውሃና በረዶ ነው ልጄ። አንቺም እሱን ጠጥተሽ ነው ያደግሽው።”

“ያኔ ያኔ ነው። ሰው የሚበላው ነገር በሚቀመጥበት ቦታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይሄ ሕፃን ነው የበላው!”

የግቢው በር ክፍት ነበር። በረዶ ልትገዛ ከሻይ ቤቱ ባልዲ ይዛ መጥታ አዴ ዘይነባን የተከተለች አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ባልዲዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና ባዶውን ይዛ ሄደች።

በዚህ መሐል ነው ሦስተኛውን ጨርሼ እጄ ላይ የቀረውን እንጨት ያየሁት። ከታች፣ ጁሱ ውስጥ በነበረው ጫፉ ላይ፣ ሰንጢዬ የሳታት አንዲት አረንጓዴ ቅርፊት ተጣብቃለች። ቀና ብዬ ኒሙን አየሁት። ነፋስ የለም፤ አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ዛፉ፣ ምላሴ፣ አርባው ዓመት፣ ታይዋን።

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር።

“አባባ ምን ያድርግ” አለች ሰናይት ያን ጊዜ፣ እጇን ትከሻዬ ላይ ጥላ። “እሱማ እንደዚህ ደክሞ፣ በንጽሕና ሠርቶ ነበር። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ናኒ ትቆይ፤ እኔ ምንም አልልም። ግን ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትገባ። ከዚያ ቤት አንድ ነገር እንዳትቀምስ።”

ናኒ ትቆይ። አፌን ዘጋሁት።

ናኒ ከቧንቧው አጠገብ ቀና አለች። እንባዋና ውሃው ተቀላቅሏል። መሰላሉን የያዘችልኝ እሷ ናት። መሬት ላይ የወደቀውን እንጨት አየች፤ ዛፉን አየች፤ እኔን አየች። ከንፈሯ ሊነቃነቅ ሲል የእኔን ፊት ጠበቀች። የእኔ ፊት ምንም አልተናገረም። ቀስ ብላ ከንፈሯን ገጠመች። ስምንት ዓመቷ ነው። ዝም ማለትን ከማን እንደተማረች ብትጠይቁኝ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆምኩበትን ቦታ እነግራችኋለሁ።

አዴ ዘይነባ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ሰበሰበች። ስድስቱ ድሮ ከእሷ ተውሼ ያስቀረኋቸው ነበሩ፤ የእኔንም አብራ ሰበሰበች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንዱን እንጨት ከመሬት አነሳች፤ ሰበር አድርጋ አፍንጫዋ ሥር ያዘችው። ኒሙን ቀና ብላ አየችው። እኔን አየችኝ። መጣብኝ አልኩ፤ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛው ባንድ ላይ ሊወርድብኝ ነው አልኩ። ይገባኝም ነበር። አንድ ቃል ብትል ናኒ በማግስቱ ከእናቷ ጋር አውቶቡስ ላይ ናት፤ ይህን እሷም ታውቃለች።

እንጨቱን ሻርፗ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

“ታይዋን ጥሩ እንጨት አለው” አለችና ወጣች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሰናይት ሄደች። ናኒ ቀረች። አሸነፍኩ ማለት ነው። ነሐሴ የእኔ ነው።

ነሐሴ ግን እንደ ድሮው አይደለም። አዴ ዘይነባ ግቢ ልጆች ሲንጫጩ ናኒ በግድግዳው ቀዳዳ ታያለች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ በግድግዳው ላይ አንድ እጅ ብቅ ይልና በፌስታል የታሰረ በረዶ ያስቀምጣል። ናኒ በረዶውን አንገቷ ላይ፣ ግንባሯ ላይ ታደርገዋለች፤ አትቀምሰውም፤ የእናቷን ቃል ታከብራለች። ከአያቷ የሚሻል ሰው ትሆናለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

“አባባ” አለችኝ ትናንት፣ “አዴ ዘይነባ ጥፋተኛ ናት?”

“አይደለችም።”

“ታዲያ ለእማዬ ንገራታ።”

“ነሐሴ ሲያልቅ እነግራታለሁ።”

“ነሐሴ ሲያልቅማ እኔ እሄዳለሁ።”

“ለዚያ ነው።”

ቀጥላ “ባለ ባልዲዋ ሴትዮ መጣች?” አለችኝ። አልመጣችም። ሻይ ቤቱ በረዶውን አሁን ከሌላ ሰፈር ያስመጣል። ልጅ የማያየው ነገር የለም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ አዴ ዘይነባ በሯ ላይ ትቆማለች። ያችን እንጨት መፋቂያ አድርጋታለች። ከፊት ለፊቴ ቆማ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል፣ ሳትቸኩል፣ ጥርሷን አንድ በአንድ ትፍቃለች። ከዚያ ወደ እኔ ግድግዳ በኩል ትፍ ትላለች።

“ዛሬስ ትነግራታለህ?” ትለኛለች።

“ዛሬ” እላታለሁ።

ማታ ማታ ሰናይት ትደውላለች። ናኒ በላች? ተኛች? እዚያች ሴትዮ ቤት አልሄደችም አይደል? “አልሄደችም” እላለሁ። ይህንንስ እውነቴን ነው የምናገረው፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

ያለብኝ ዕዳ ይህን ያህል ትንሽ ናት። “ልጄ፣ እንጨቱ የግቢያችን ኒም ነበር።” አምስት ቃል። ለእናንተ ይኸው ሳልንተባተብ ተናገርኳት። ግን የዘይነባን ዕዳ ለእናንተ ብከፍል ለዘይነባ ምን ይጠቅማታል? ዛሬም በረዶው መጥቷል፤ ግድግዳው ላይ ተቀምጦ ይንጠባጠባል።